የዘራሽውን ጻፊ፣ የጻፍሽውን አንብቢ

ልጄ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ተደራጅታችሁ መራዊ ዳር፣ ከኮጋ ቦይ ሥር፣ የአትክልት ቦታ ማግኘታችሁን አባትሽ ሲነግረኝ በጣም ደስ አለኝ። ለአንቺ የደረሰሽ 25 ሜትር በ10 ሜትር ነው አሉ። 250 ካሬ ሜትር፣ የቃዳ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። «ይቺ ምን ታደርግልሻለች?» የሚልሽ አይጠፋም፤ አትስሚው። በእንግሊዝ አገር የከተማ ሰው ከማዘጋጃ ቤት እየተከራየ ጎመንና ድንች የሚያለማበት ቁራሽ መሬት በቆየው ልማድ ይህንኑ ያህላል፤ በጦርነት ጊዜ ሳይቀር ቤተሰብ የመገበ ስፋት ነው።

ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ መድኃኒት የሚመክርሽ ሞልቷል። እኔ በልማት ሠራተኝነት የሜጫ ወረዳን ቀበሌዎች ስዞር ኖሬ ከሁሉ በላይ ጎድሎ ያየሁት መዝገብ ነው። የኮጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይዞ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ ታቅዶ የተሠራ ነው። የቦዮቹ ርዝመት፣ የእያንዳንዱ ብሎክ ስፋት፣ ሁሉም በፕላን ተነሥቶ ተቀምጧል። ከቦዩ ሥር ወርደሽ አንዱን ገበሬ «ከሦስት ዓመት በፊት እዚህች መደብ ላይ ምን ነበር የተከልከው?» ብትዪው ግን «ሽንኩርት መሰለኝ» ይልሻል። በእኛ አገር ብዙ አትክልት ያጠፋው ያ «መሰለኝ» ነው። ስለዚህ ምክሬ በሙሉ ስለ ደብተርና ስለ ፎቶ ነው።

1. ዘር ከመግዛትሽ በፊት መሬቱን ወረቀት ላይ አውርጂው።

ባለ ትንንሽ ካሬ የሒሳብ ደብተር ግዢ። አንዱ ካሬ አንድ ሜትር ይሁን። ሜትር ከሌለሽ ሲባጎ ወስደሽ በየሜትሩ ቋጥሪና በእሱ ለኪ። መጀመሪያ የምትሥዪው የማይንቀሳቀሰውን ነው፦ ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ፣ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ፣ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጥላ ጠዋትና ማታ እስከ የት እንደሚደርስ። ሜጫ የባሕር ዛፍ አገር ነው፤ የዛፉ ሥር ደግሞ ከጥላው አልፎ ይሄድና ውኃውን ይሻማሻል። ያንን ጠርዝ በእርሳስ አጥቁሪው፣ ሽንኩርትም ቲማቲምም አትትከዪበት።

ከዚያ ቦታውን በአምስት ክፈዪው፤ እያንዳንዱ 5 በ10 ሜትር። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ በያቸው። ይህ ስም ከዚህ በኋላ አይለወጥም። ሰብሉ ይቀያየራል፣ «ሐ» ግን ሁልጊዜ «ሐ» ነው። ይህን ገጽ አንዴ በጥሩ ሁኔታ ከሠራሽ በኋላ ኮፒ አስደርጊና ለየወቅቱ በአንዱ ኮፒ ላይ የዚያን ጊዜ ተክል ሙዪ።

ጥቅሙ ችግኝ ስትገዢ ይጀምራል። ሽንኩርት በአገራችን በጥንድ መስመር ይተከላል። በሁለቱ መስመሮች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር፣ በጥንድና በጥንድ መካከል ደግሞ ውኃ የሚሄድበት 40 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። አንዱ ጥንድ ከነውኃ መሄጃው 60 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። የ«ሀ» ስፋት 5 ሜትር ስለሆነ 8 ጥንድ፣ ማለትም 16 መስመር ይይዛል። አንዱ የ10 ሜትር መስመር 100 ችግኝ ይፈልጋል። እንግዲህ 1,600 ችግኝ፣ ለሚደርቀው መተኪያ ትንሽ ጨምረሽ። ይህን ሳታሰሊ ችግኝ ሻጭ ፊት ከቆምሽ ያለውን ሁሉ አስታቅፎሽ ይሄዳል፣ የተረፈውም መደብ ዳር ሲጠወልግ ታዪዋለሽ። ለድንችም ስሌቱ ያው ነው፣ ርቀቱ ብቻ 75 በ30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

2. ተክሎቹን በዘመዳቸው መዝግቢ።

ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዢ ብባል ይህንን ያዢ እልሽ ነበር። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ ዘመዳሞች ናቸው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሌላ ወገን ናቸው። ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመንና ጎመን ዘር አንድ ናቸው፤ ቀይ ሥርና ቆስጣም እንዲሁ። ካሮት ለብቻው ነው። ፎሶሊያ፣ ባቄላና አተር ደግሞ ሌላ ዘመድ ናቸው፤ ለመሬቱም የሚተዉለት ነገር አለ። ስድስት ባለቀለም እርሳስ ግዢና በፕላንሽ ላይ ለየዘመዱ አንድ አንድ ቀለም ስጪ። ገጾቹን ስትገልጪ አንድ ቀለም በአንድ ፊደል ላይ ከተደጋገመ ያን ጊዜ ሰብሉን ቀይሪ።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። የድንችና የቲማቲም አጠውላጊ ባክቴሪያ ተክሉ ከተነቀለ በኋላም አፈር ውስጥ ይቆያል። ባለፈው ዓመት ድንች ታሞበት በነበረ መደብ ላይ ዘንድሮ ጥሩ ችግኝ ገዝተሽ ቲማቲም ብትተክዪ ችግኙ አይደለም ጥፋተኛው፣ መሬቱ ነው። ነጭ ሽንኩርትን ከሥሩ ነጭ ሻጋታ አልብሶ የሚያበሰብሰው በሽታ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ተኝቶ መቆየት ይችላል። አንድ መደብ ላይ አንዴ ከታየ ያ መደብ በአንቺ ዕድሜ የነጭ ሽንኩርት መሬት አይደለም። ይህን የሚያስታውሰው ማነው? መሬቱ ታርሶ ሲለሰልስ ሁሉም ቀይ አፈር አንድ ይመስላል።

አንድ ዘመድ ወደ ወጣበት መደብ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አይመለስ። በዝናብ ብቻ ለሚያርስ ሰው ሦስት ዓመት ሦስት ወቅት ነው። አንቺ ግን በክረምቱ ዝናብም በበጋው መስኖም ስለምታመርቺ ስድስት ወቅት ይሆንብሻል። አምስት መደብ በስድስት ወቅት ሠላሳ ተክል ነው፤ ይህ በቃል አይያዝም።

እግረ መንገዴን ልንገርሽ፣ የአካባቢያችን አፈር አሲዳማ ስለሆነ ኖራ መጨመር ይኖርብሽ ይሆናል። ኖራ የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፣ ውጤቱም ለዓመታት ይቆያል። በየትኛው ፊደል ላይ፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ እንደበተንሽ ካልጻፍሽ ወይ ትደግሚበታለሽ ወይ ትረሺዋለሽ።

3. ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፊ፣ በዓሉንም አብረሽ ቁጠሪ።

ስልክሽ ፎቶውን ሲያስቀምጥ በፈረንጅ ቀን ነው። እሱ ኦክቶበር 30 ሲል ለእኛ ጥቅምት 20 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ደግሞ ጥቅምት 19 ይሆናል። ሰዓቱም 8፡00 ሲል ለእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ከስልክ ላይ ቀን ዝም ብለሽ አትገልብጪ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፊ፣ በኋላ ፎቶና ገጽ ስታገናኚ አይምታታብሽም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አትክልት የሚፈለገው በበዓልና በጾም ነው፤ ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው መካከል ይዋልላል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ የ2019 ግን ሚያዝያ 24። የ20 ቀን ልዩነት አለው። ለዶሮ ወጥ የሚሆነውን ሽንኩርት ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ገበያ ለማድረስ ወደ ኋላ ቁጠሪ፦ ለማድረቂያ 10 ቀን፣ ማሳ ላይ 4 ወር ገደማ፣ ችግኝ መደብ ላይ 50 ቀን ገደማ። ሲደመር ስድስት ወር ነው። ለ2018 ዘሩ መሬት መንካት ያለበት በመስከረም መጨረሻ ነው፤ ለ2019 ግን በጥቅምት አጋማሽ። «ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ነው የዘራሁት» ብለሽ ብትደግሚው ሽንኩርትሽ በጾሙ መካከል ደርሶ የበዓሉን ዋጋ ሳያገኝ ይቀራል።

ለቅጠላ ቅጠል መቁጠሪያው የጾሙ መግቢያ ነው። ዐቢይ ጾም ከፋሲካ 55 ቀን ቀድሞ ይገባል። የ2019 የካቲት 29 ላይ ነው። ቆስጣ ከዘር እስከ መጀመሪያው ቅጠል ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋልና የታኅሣሥን መጨረሻ በደብተርሽ ላይ አስምሪበት። አንድ ጊዜ ሁሉንም ከመዝራት በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ዝሪ።

4. ፎቶውን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አንሺ።

ከየመደቡ ራስጌ አንድ ችካል ምቺና ከዚያ ችካል ላይ ቆመሽ ብቻ አንሺ። ስልኩን በደረትሽ ልክ ያዢ፣ በጎኑ አጋድሚው። ከመደቡ ማዶ የማይነቃነቅ ነገር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ወይም የቦይ መክፈቻ፣ በፎቶው ውስጥ ይግባ። በየሳምንቱ ቅዳሜም ይሁን ሰኞ፣ አንድ ቀን ምረጪ። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። የቀትር ፀሐይ የቅጠሉን ቀለም ስለሚያነጣው ቢጫ የሆነውንና አረንጓዴ የሆነውን መለየት ያቅትሻል።

መጀመሪያ የመደቡን ፊደል የጻፍሽበትን ወረቀት አንሺ፣ ከዚያ መደቡን። ይህን ካላደረግሽ ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክሽ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ብቻ ተከማችቶ ታገኚያለሽ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ አታውቂም። አምስት መደብ፣ በሳምንት አሥር ፎቶ። ይበቃል። መቶ የምታነሳ ልጅ አንዱንም መልሳ አታይም።

በዚህ ዓይነት የተነሡ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ በዓይንሽ ያላየሽውን ታያለሽ። የሽንኩርቱ ታችኛው ጫፍ ከላይኛው አጥሮ ከሆነ ውኃው እዚያ አልደረሰም ወይም ተኝቶበታል። በየቀኑ እየገባሽ ስታዪው ዓይንሽ ይለምደዋል።

5. የታመመውን ከቅርብ፣ ከነማስረጃው አንሺ።

አንድ ሙሉ ተክል፣ ከዚያ አንድ ቅጠል በፊቱ፣ ከዚያ ያው ቅጠል በጀርባው። ለመጠኑ መለኪያ የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጪ። የቅጠሉን ጀርባ የሚዘነጋው ብዙ ነው። ድንች ላይ በብርድና በጭጋግ የሚመጣው አጥቋሪ በሽታ ግን በጠዋቱ ከቅጠሉ ሥር በስስ ነጭ ሻጋታ ነው የሚታወቀው፤ ፀሐይ ሲሞቅ ምልክቱ ይጠፋል።

ቲማቲም ወይም ድንች ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ በድንገት ከጠወለገ ይህን አድርጊ። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቁረጪው። ንጹሕ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ የተቆረጠው ጫፍ ውኃውን እንዲነካ አድርገሽ ያዢው፣ አታንቀሳቅሺው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከግንዱ ወደ ታች ሲወርድ ካየሽ ባክቴሪያው ነው። ያን ክር ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አድርገሽ አንሺው። ተክሉን ነቅለሽ አቃጥዪ፣ ውኃውን መደብ ላይ አትድፊ፣ ቢላዋውን እጠቢ። በፕላኑ ላይም ተክሉ የነበረበትን ካሬ በቀይ አጥቁሪው። ያ ቀይ ነጥብ ለሚመጡት ዓመታት የትኛውን መደብ ከድንች ዘመዶች እንደምትከለክዪ ይነግርሻል።

የገበሬዎች የስልክ መስመር 8028 ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ብዙ ሰው ረድቷል፤ ደውለሽ አድምጪው። ስልኩ ግን ቅጠልሽን አያይም። የቀበሌሽ የልማት ሠራተኛ ወይም የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያ ሲገኝ ከነቀኑ የተነሣ ፎቶ ብታሳዪው ከግማሽ ሰዓት ገለጻሽ የበለጠ ይረዳዋል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ አገራችን ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም ገደማ ነው። እንዲህ ያለ አዲስ ነገር ሲመጣ ሽማግሌም ባለሙያም አያውቀውምና መቼና በየትኛው መደብ እንደጀመረ የሚመሰክረው ያነሣሽው ፎቶ ነው።

6. ውኃውን መዝግቢ።

ተራሽ የደረሰበትን ቀን፣ ውኃው የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት፣ «ሠ» መደብ ላይ ደርሶ እንደሆነ ጻፊ። አንድ መስመር ይበቃል። የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬው ከወትሮው ጎድሎ ካየሽ እሱንም ጨምሪ። በውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ «ለእኛ አይደርሰንም» ብሎ የሚጮህ ብዙ ነው፣ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። ሦስት ተራ በተከታታይ ስንት ሰዓት እንደዘገየ ከነቀኑ የምታነብብ ልጅን የውኃ አባቱም ሊቀመንበሩም ያዳምጧታል።

7. ያልበቀለውንም ጻፊ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ከ1766 እስከ 1824 እ.ኤ.አ. የአትክልት ደብተር ይይዝ ነበር። ምን እንደዘራ፣ መቼ እንደበቀለ፣ መቼ ለማዕድ እንደቀረበ ይጽፋል፤ የከሸፈውንም ሳይደብቅ ያስቀምጠዋል። ያንን መሬት በእጃቸው የቆፈሩት በባርነት ያሠራቸው ሰዎች መሆናቸውን አልረሳም፤ እነሱ በዕለት ተዕለት ያዩት ደብተር ላይ ቢሰፍር ከእሱ ይልቅ ይጠቅመን ነበር ብዬ አምናለሁ። አንቺ ቆፋሪዋም ጸሐፊዋም ነሽ። ዘሩን ከማን ገዛሽ፣ ዝርያው ማን ይባላል፣ ከመቶው ስንቱ በቀለ፣ ስንት ኪሎ ወጣ፣ በስንት ተሸጠ። ዘሩ ካልበቀለ የማሸጊያውን ፊትና ጀርባ አንስተሽ አስቀምጪ፤ ጊዜው ያለፈበት መሆኑ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። መድኃኒት ከረጨሽም ስሙን፣ መጠኑን፣ የረጨሽበትን ቀንና ከስንት ቀን በኋላ መልቀም እንደሚቻል። የምትመግቢው ሰው ነውና በዚህ ላይ ቸል አትበዪ።

8. ደብተሩ ይቅደም፣ ስልኩ ይከተል።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየን አንቺም ታውቂዋለሽ። መዝገቡን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ያስቀመጠ ሰው በዚያ ጊዜ የራሱን ጽሑፍ ማየት አልቻለም። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይሸጣል። ወረቀቱ ዋናው ይሁን። ፎቶዎቹን በየወሩ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጪና ካርዱን ከስልኩ አውጥተሽ አስቀምጪ። የደብተሩንም ገጾች ፎቶ አንስተሽ እዚያው ካርድ ላይ አኑሪ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

የት ይቀመጥ ትዪ ይሆናል። በጎጃም አድባራት የመሬት ስጦታና ግዢ ይጻፍ የነበረው በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሁሉ ተጠንቅቆ የሚጠበቀው ወንጌሉ ስለሆነ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬ የጥንቱን የመሬት ይዞታ የሚያጠኑት ከዚያ ነው። በቤታችሁ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠበቀው የመሬት ደብተሩ ነው። የአንቺንም መዝገብ በላስቲክ ጠቅልለሽ ከእሱ ጋር አኑሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራሽ መደብሽን ይይ። ሰው ሳታስፈቅጂ አታንሺ፣ ወደ መንገዱም አታዙሪው። ጊዜው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

9. በክረምት ተቀምጠሽ አንብቢው።

ያልተነበበ መዝገብ ልፋት ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከቤት ሲያውልሽ ደብተሩን አውጪ፣ የአምስቱንም መደቦች ፎቶ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ በተራ እዪ። የትኛው ፊደል በኪሎ በለጠ? የትኛው ቀለም ተደጋገመ? ቀይ ነጥቦቹ የት ተጠጋጉ? ውኃው ያልደረሰው የቱ ጋ ነው? መልሱን በአንድ ገጽ ጻፊና የሚቀጥለውን ወቅት ፕላን ከዚያ ገጽ ላይ ተነሥተሽ ሥሪ። ጓደኞችሽም የየራሳቸውን ይዘው ይምጡ። የአንዷ «ለ» ከሌላዋ «መ» ጋር ይዋሰናልና በሽታም ውኃም ወሰን አያውቅም። የሁላችሁም መዝገብ አንድ ላይ ሲነበብ አንዷ ብቻዋን የማታየው ይታያል።

የኮጋ ውኃ ለመስኖ ሳይለቀቅ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሺው። ከዚያ ኮፒውን በአባትሽ እጅ ላኪልኝ፤ በእርሳስ አርሜ እመልስልሻለሁ።